የእናትሽ ግድግዳ የታጠበ ዕለት

ከሚሴ፣ መስከረም 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓዲላ ሙህዲን
ጅቡቲ

ዓዱዬ፣ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። እኔ አባትሽ ከነመነጽሬና ከነስፌት መኪናዬ አለሁ፤ አልሐምዱሊላህ።

ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አክስትሽ ዙበይዳ አጠገብሽ ተቀምጣለች? ባልሽ ረጀብስ ቤት ነው? የአገራችን ሴቶችስ መጥተዋል? ከመጡ አንብቢ። ወረቀቱ ብቻሽን ሳለሽ እጅሽ ገብቶ ከሆነ ግን እጠፊውና ዙበይዳን ጠብቂ። እንዲህ ያለው ወሬ በእኛ አገር በወረቀት አይላክም። ሰው ይላካል፤ ማለዳ በር ያንኳኳል፤ የሚደግፍ ትከሻ ይዞ ነው የሚሄድ። እኔም ይኸው ዙበይዳን ላክሁ። ከባቲ ተነሥታ ከአፋሮቹ ጋር ያን በረሃ ያቋረጠችው ለሸቀጥ እንዳይመስልሽ። ሳትነግድ እንደማትመለስ አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ወጓ ነው። ዘንድሮ ግን ያስነሣት አንቺን ማግኘቱ ነው።

እሷ በቃሏ የነገረችሽን እኔ በብዕር አልደግመውም። ሁለት ጊዜ ልጽፈው ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ። አባቴም የእናቱን ሲነግረኝ ቃሉን አላወጣትም፤ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ዝም አለ፣ ገባኝ። እኔም አጠገብሽ ተቀምጬ ዝም ያልሁ አድርገሽ ቁጠሪው።

የምጽፍልሽ ስለ ግድግዳችን ነው። ጅቡቲ ያሉትን የከሚሴ ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ወሬያቸው ከግመል ይቀድማል። «የአስያን ግድግዳ ቀበሌ በቦቴ ውሃ አጠበው፤ ሙህዲንም ቆሞ አየ» ብለው ሳይነግሩሽ ከእኔ ስሚው። ቆሜ አላየሁም። ተቀምጬ ነበር። እንዴት እንደተቀመጥሁ ልንገርሽ።

እናትሽ ለአረፋ ቤቱን እንዴት እንደምታዘጋጅ አትረሺውም። ቀዩን አፈር ከወንዙ ማዶ ታስመጣለች፤ ከጤፍ ጭድና ከእበት ጋር አብኩታ በጆንያ ትሸፍነዋለች፤ ሰፈሩን ሁሉ በጠረኑ ታስመርራለች። «ጭቃ ነው ጠጅ የጠመቅሽው?» እያልሁ ስቀልድባት፣ «ጭቃ በቆየ ቁጥር ይጠነክራል፤ እንዳንተ አይደለም» ትለኝ ነበር። ከመረገች በኋላ ነጩን አፈር በአመድ በጥብጣ ትለቀልቀዋለች፤ ሳይደርቅ በአራት ጣቷ ከጣሪያው ሥር ጀምራ ጥለቱን ታወርደዋለች። ትንሿ ጣቷ በልጅነቷ ተሰብራ ጠማማ ሆና ስለቀረች አራተኛው መስመር ከሦስቱ ይርቅ ነበር። ከደሴ የሚመጣ ሰው ሁሉ የአስያን ቤት ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ ያውቀዋል። እኔ አርባ ዓመት ጥለት ስሰፋ ኖሬአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጠርዝ አልሰፋሁም።

ከጉልበት በታች ያለው ደግሞ ያንቺ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆንሽ «ይህ ቁመትሽ ነው፤ አንቺ ጨርሺው» ብላ ሰጠችሽ። የመጀመሪያው ዓመት ዶሮ የጫረችው አስመስለሽ ለቀቅሽው፤ እኔ ስስቅ ተቆጥተሽ ምሳ አልበላም አልሽ። ዓመት ዓመት እጅሽ እየተስተካከለ መጣ። በመጨረሻው ዓመት የእናትሽን መስመር ካንቺ የሚለየው ያች ጠማማ ጣት ብቻ ነበረች።

ረጀብን የመንግሥት ሰዎች ሲፈልጉት ጊዜ አብረሽው በዚያች ጎሕ ከወጣሽ ወዲህ እናትሽ ያን የታችኛውን ክፍል እንዴት እንዳደረገችው አልነገርሁሽም። በደብዳቤ የሚጻፍ ነገር አልመሰለኝም ነበር። ትመርገዋለች፣ ነጩን ትቀባዋለች፣ በመዳፏ ታስተካክለዋለች። ጣቷን ግን አታሳርፍበትም። አላፊ አግዳሚው «ምነው አስያ፣ ሳትጨርሽው ተውሽው?» ሲላት «ባለቤት አለው» ትላለች። ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ደግሞ የጠየቃት ሰው የለም።

ዘንድሮ ክረምቱ ክረምት መሆኑን ረሳው። ወንዛችን ቦርከና ቀጠነ፤ ጨፋ ላይ ማሽላው ገና ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆነ። ከላይ ከሰሜን በኩል ሕዝቡ በአስፋልቱ ይወርዳል፤ ልጅ ያዘለ፣ ምንም ያልያዘ፣ ዋርካው ሥር አርፎ እንደገና የሚነሣ። ዙበይዳ በመንገድ ያየችውን ትነግርሻለች። እኔ ልዘረዝረው አልችልም፤ ለሚወርደው ሰው አንድ እንጀራ ቆርሰን ስንሰጥ ዓይኑን እንዳላይ መኪናዬ ላይ አጎነብሳለሁ።

እናትሽንም ወባው ይመላለስባት ነበር። «ዘንድሮ ይቅር። ሰው በረሃብ እየተሰደደ ማን ግድግዳ ያያል?» አልኋት።

«ሰው እንዲያየው መሰለህ የምለቀልቀው?» አለችኝ። «አረፋን በአሮጌ ልብስ ትቀበለዋለህ?»

ልብስ ሰፊ በዚህ በኩል ከመጡበት መልስ የለውም። ትኩሳቱ ሲለቃት እየተነሣች፣ ሲይዛት እየተኛች መረገችው። ለመጨረሻው ጥለት በርጩማ ላይ ስትወጣ ወገቧን ይዤላታለሁ። ጨርሳ ወርዳ ከአስፋልቱ ማዶ ሄዳ አየችውና «እሺ፤ ይሁን» አለች። እናትሽ አንድን ሥራ ከዚህ በላይ ስታመሰግን ሰምቼ አላውቅም። ስትተኛ ጥፍሯ ውስጥ አፈር ነበረ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ከዙበይዳ ሰምተሻል።

አረፋ ሲመጣ ግድግዳው ለብሶ ጠበቀው። እኔ ግን ሸሚዜን ገልብጬ ለብሼ ሶላት ቆሜአለሁ፤ የነገረኝም የለም። ሰው ሁሉ አይቶ እንዳላየ ማለፉ ገብቶኝ ቤት ስመለስ አለቀስሁ። ከዚያ በፊት አላለቀስሁም ነበር።

አሁን ወደ ቦቴው ልምጣ።

አብደላን ታስታውሺዋለሽ፤ ካንቺ ጋር አንድ የቁርኣን ሉሕ ላይ አሊፍ ባ የቆጠረው፣ ፊደል ሲጠፋው ካንቺ እየሰረቀ የሚያይ የነበረው። አሁን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ነው፤ ፈሪ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ከክፉው የማይተናነስበት ቀን አለ። ጳጉሜ ውስጥ በድምፅ ማጉያ እየዞረ አወጀ፤ ለአሥረኛው ዓመት የአብዮት በዓል ታላላቅ እንግዶች በከሚሴ አልፈው ወደ ደሴ ስለሚሄዱ አስፋልት ዳር ያለ ቤት ሁሉ ፊቱ ነጭ ሆኖ እንዲጠብቅ። ኖራ ከላይ ይመጣል ተባለ። ኖራው አልመጣም። ቀኑ ሲደርስበት ከጨፋ፣ ከመንግሥት እርሻው፣ ትራክተር የሚያጥቡበትን ባለሞተር ቦቴ ለምኖ ይዞ መጣ። ያን ውሃ አይተሽው አታውቂም፤ ጎማው አፍ ላይ ቀጭን የብረት ቧንቧ አለው፤ ሞተሩ ሲነሣ ውሃው እንደ ዱላ ይመታል።

«ከትራክተር ላይ የወር ጭቃ የሚያራግፍ ከቤት ላይ አቧራ አያራግፍም?» አለ አብደላ፣ በብልሃቱ ራሱ ተደንቆ።

የሴቶቹ የለቅሶ ቅሬ ሹም ሀዲጃ ደጃፏ ቆማ ሰማችው። «ማሎ፣ እባክህ አብደላ ኮ! ከትራክተሩ ላይ የሚራገፈው አፈር ነው። ቤቱ እኮ ራሱ አፈር ነው!»

«እትዬ ሀዲጃ፣ ትዕዛዝ ነው።»

«ትዕዛዙን ያወጣው ሰው የጭቃ ቤት ተመርጎ እንጂ ታጥቦ እንደማያውቅ አልነገርኸውም?»

አልነገረውም። ማንስ ይነግራል፣ ልጄ? በዚህ ዘመን ወደ ላይ የሚወጣው «እሺ» ብቻ ነው።

ከድልድዩ በኩል ከፋጡሜ ቤት ጀመሩ። ሞተረኛው ጀይላን የሚባል ከእርሻው የመጣ ጎበዝ ነው፤ ጎማውን አቅንቶ ለቀቀው። በመጀመሪያ አቧራው ሄደ፤ አብደላ አጨበጨበ። ቀጥሎ ምርጊቱ ሄደ፤ አብደላ ማጨብጨቡን ተወ። ቀጥሎ ማገሩ አገጠጠ፣ ቀዳዳ ሆነ፣ በቀዳዳው በኩል የፋጡሜ ዶሮ እየጮኸች ወጥታ አስፋልቱን ተሻገረች። ፋጡሜ ከውስጥ ሆና በቀዳዳው ብቅ አለችና «አሁን እንግዶችህ እኔንም ያዩኛል፤ ጸጉሬን ልሠራ?» አለችው። ያን ሁሉ ቀን አንድም ጊዜ ያልሳቅሁት ሰው ሳቅሁ። እናትሽ ብትኖር ጎረቤቱን አስቀምጣ ዓመት ሙሉ ታወራው ነበር።

ይኸው ያላወጣሁትን ቃል ወረቀቱ ላይ ጣልሁት። ይሁን፤ አልሰርዘውም።

አብደላ ግን አልተመለሰም። የተጀመረ ነገር ማቆም ከላይ ሰዎች ፊት ከተበላሸ ግድግዳ ይልቅ ያስፈራዋል። ሁለት ሦስት ቤት በሩቁ እየረጩ አለፉና ወደ እኛ ደጅ መጡ። እኔ መኪናዬን በረንዳ ላይ አውጥቼ የአንድ ገበሬ ሱሪ እየጣፍሁ ነበር። ተነሣሁና ከፊቱ ቆምሁ።

«ይህን እለፈው፣ አብደላ» አልሁት።

«ጓድ ሙህዲን» አለ፤ ወዲያው አፈረና «ጋሼ ሙህዲን፣ የእርስዎ ቤት የድንጋይ መሠረት አለው፤ ይችላል። አቧራው ብቻ ነው የሚሄደው።»

«አቧራ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ምን ልበለው? ጣት ነው ልበለው? ቀበሌ ጣት አያውቅም። የእሷ የሆነ ሁሉ ከቤት ወጥቶ ነበር፤ ልብሷን ለሰደቃ ሰጥተናል፣ አልጋዋን አንሥተናል፣ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ፎቶ አንሺው በመጣ ቁጥር «ዓዲላ ስትመጣ አብረን እንነሣለን» ትል እንደነበር ታውቂያለሽ። ከአስያ ለዓይን የቀረኝ ያ ግድግዳ ነበር። ይህን ሁሉ ለአብደላ በድምፅ ማጉያው ፊት እንዴት ልንገረው? እጄን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ቆምሁ።

ያን ጊዜ ሀዲጃ ሰሌን ተሸክማ መጣች። ከኋላዋ ዙበይዳ፣ ከዙበይዳ ኋላ ፋጡሜ፣ ከእነሱም ኋላ የቅሬው ሴቶች። አንዲት ቃል ለማንም ሳይናገሩ ሰሌኑን ከግድግዳው ሥር ዘረጉ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡ።

«ምንድን ነው ይህ?» አለ አብደላ።

«ለቅሶ ነው» አለች ሀዲጃ።

«የምን ለቅሶ? ተዝያው አለቀ እኮ! ሦስት ቀን ነው፤ ሸሪዓውም የሚለው ይህንኑ ነው።»

«ሸሪዓው ለቦቴ ስንት ቀን ይላል?»

ከቆመው ሕዝብ የሳቀ አለ። አብደላ ቀላ። «እትዬ ሀዲጃ፣ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ተነሡ!»

«የተቀመጠ ቅሬ ማን ያስነሣዋል፣ ልጄ?» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አባትህን ማን ገነዘው? ይህ ቅሬ። አስያስ ውሃ ስታሞቅ አልነበረችም? ነገ አንተንስ ማን ይቀብርህ መስሎህ ነው? እንግዶቹ?»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ስትል ያበቃ መስሎኝ ነበር። በከሚሴ ቅሬ አንተን አናውቅህም ያለው ሰው ከእስር የባሰ ነው የሚገጥመው። አብደላ ሴቶቹን አየ፣ አስፋልቱን አየ፣ ከአጠገቡ የቆመውን ከወረዳ የመጣ ታዛቢ አየ። ታዛቢው መጻፊያውን አወጣ። መጻፊያው ባይወጣ ኖሮ ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል።

«ከራሳቸው በላይ ምታው» አለው ለጀይላን። «የላይኛውን ብቻ።»

ውሃው ተለቀቀ። እኔ የጦርነትም የእስር ቤትም ድምፅ ሰምቻለሁ፣ ያን የመሰለ ግን አልሰማሁም። ከጣሪያው ሥር መታው። መጀመሪያ ነጩ ወረደ፣ ቀጥሎ ቀዩ። አራቱ መስመሮች ክሩ እንደተሳበ ስፌት አንድ በአንድ ተተረተሩ፤ ያች ጠማማዋ መስመር መጨረሻ ላይ ሄደች። እናትሽ ያን ሁሉ ቀን ከትኩሳት ጋር እየታገለች ያወረደችው ጥለት ጭቃ ሆኖ በሴቶቹ ራስና ትከሻ ላይ ፈሰሰ። አንዲትም አልተነሣችም። ነጠላቸው ቀይ ሆነ። ሀዲጃ ዓይኗን ጨፍና «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ማለት ጀመረች፤ ሁሉም ተከተሏት።

ወንድ ከሴት ለቅሶ አይቀመጥም። እኔ ሄጄ ከሰሌኑ ዳር፣ ከበሩ ጎን ተቀመጥሁ፤ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጠሁ። ውሃው ኮፍያዬን አርሶ ጭቃው በአንገቴ ገባ። ቀዝቃዛ ነበር። እንግዲህ «ሙህዲን ቆሞ አየ» ካሉሽ፣ አላየሁም በያቸው። ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ነበር።

ሞተሩ ድንገት ዝም አለ። ጀይላን ጎማውን መሬት ላይ ጥሎት ነበር።

«ምን ሆንህ? ቀጥል እንጂ!» አለ አብደላ።

«እኔ የማጥበው ትራክተር ነው» አለ ጀይላን። «ለቅሶ አላጥብም።»

«ጓድ ጀይላን!»

«ወላሂ አላጥብም። እኔም እናት አለችኝ፤ ይህን ብትሰማ ያጠባሁህ ጡት ሐራም ይሁንብህ ትለኛለች።»

በዚህ መሐል ከዋርካው ሥር አርፈው የነበሩት ስደተኞች ተነሥተው መጥተዋል። ከግድግዳችን ወርዶ በቦዩ የሚሄደውን ያን ቀይ ውሃ በጣሳ እየቀዱ ነበር። አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ አጣርታ ለልጇ ስታጠጣ አየኋት። ጀይላንም አያት። ለማንም ሳያስፈቅድ ቦቴውን አስነሥቶ ወደ ዋርካው ወሰደውና የኋላውን ቧንቧ ከፈተ። አብደላ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ፤ ሰው እንድትጠይ አልፈልግም። ታዛቢውን አየ፤ ታዛቢው አንገቱን አቀረቀረ፤ መጻፊያውን ኪሱ ከተተ። አብደላም ድምፅ ማጉያውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደና ጣሳ ያዘላቸው። እስኪመሽ ድረስ ውሃ ሲያድል ዋለ።

እንግዶቹ በማግስቱ አለፉ። መስኮታቸው ዝግ ነበር። ከሚሴ ከጫፍ እስከ ጫፍ እጁን እያውለበለበ ቆመ፤ ፋጡሜ በቀዳዳዋ በኩል አውለበለበች።

ቅሬው ተሰብስቦ አብደላን አስቀረበው። «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። አውፍ አሉት፤ በባዶ ግን አልለቀቁትም። የፋጡሜን ግድግዳ ጭቃ እንዲረግጥ ፈረዱበት። ሊቀመንበሩ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ሲረግጥ ሕፃን አዋቂው ወጥቶ አየ። ያን ሱሪ የሰፋሁት እኔ ነበርሁና ስፌቱ እንዳይለቅ ጸለይሁ።

በኋላ ለመግሪብ ሶላት ሲሄድ ጎራ አለ፤ ግማሽ ጆንያ ኖራ ይዟል፤ በመጨረሻ መጥቶለት ነው። «ላስቀባልዎ፣ ጋሼ» አለኝ። እምቢ አልሁት። ጆንያውን አስቀምጦ ግድግዳውን ጎንበስ ብሎ አየ። ሴቶቹ በጀርባቸው የጋረዱት፣ ከጉልበት በታች ያለው፣ የቦቴው ውሃ ሳይመታው ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። ያንቺው ክፍል። እናትሽ ጣቷን ያላሳረፈችበት።

«ይህስ ለምን ጥለት የለውም? ሳትጨርሰው ነው?» አለኝ።

«ባለቤት አለው» አልሁት።

አብደላ ካንቺ ጋር ሉሕ የቆጠረ ልጅ ነው፤ ገባው። ዓይኑን ጠራርጎ ሄደ።

የላይኛው ማገሩ ወጥቶ ስለነበር ሀዲጃና ሴቶቹ መጥተው መረጉልኝ። ልከለክላቸው ፈልጌ ነበር፤ ቤት ግን ራቁቱን አይከርምም። ሀዲጃ በጣቷ ጥለቱን አወረደችው፤ ቀጥ ያለ፣ በገመድ የተለካ የሚመስል። ጥሩ ሥራ ነው። አሁን ከደሴ የሚመጣ ሰው ቤቱን አያውቀውም። እኔም ከገበያ ስመለስ አንዳንዴ አልፈዋለሁ።

ያ ሁሉ ጠፋ እንዳትዪ። ዙበይዳ የዚያን ቀን የለበሰችውን ነጠላ ልታጥበው ወደ ቦርከና ስትሄድ ከመንገድ መለስኋት። በላስቲክ ጠቅልላ ይዛልሽ መጥታለች። ወታደሮቹ በፍተሻ ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ቢሏት «አፈር ነው» በያቸው ብያታለሁ፤ አፈር ቀረጥ የለበትም። ጠይቂያት፤ ትስጥሽ። ትከሻው ላይ የደረቀውን ቀይ ነገር እንዳታራግፊው። እናትሽ በእጇ ያቦካችው ነው።

ዓዱዬ፣ ነይ አልልሽም። ድንበሩን አውቃለሁ፤ ረጀብን የሚፈልጉት ሰዎች ገና አልረሱትም፤ አንቺን አግኝተው እሱን ሲጠይቁሽ ለማየት ዕድሜዬ እንዲረዝም አልፈልግም። አትምጪ እንዳልል ደግሞ አፌ አይታዘዘኝም። ናፍቀሽኛል። ለእናትሽ ስል ነበር ያልነገርሁሽ፤ እሷ ስትናፍቅሽ እኔ ቆፍጠን ያልሁ መምሰል ነበረብኝ። አሁን የማንን ልብ ልጠብቅ ብዬ ልሸሽገው?

ረጀብን ሰላም በይልኝ፤ እንዳይበሳጭ፣ እንዳይጸጸት። እናቱን በጤና ያቆይለት። አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ፣ ልጄ። ያሳደገሽን እጅ ጀነት ያኑረው፤ ያንቺንም እጅ ከሥራው አይለየው። በሰው አገር የምታንኳኪው በር ሁሉ ይከፈትልሽ። እኔ የሰጠሁሽን ዱዓ ሁሉ እናትሽም አሚን ብላበታለች፤ ያ አይታጠብም።

አባትሽ
ሙህዲን፣ ልብስ ሰፊው

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ረሳሁ። ቀዩን አፈር ከወንዙ ማዶ ራሴ ቆፍሬ አምጥቻለሁ። እንደ እናትሽ በጭድና በእበት አቡክቼ በበሩ ጎን በጆንያ ሸፍኜዋለሁ፤ ሰፈሩ በጠረኑ እየተማረረ ነው። ለዚያች ለታችኛዋ ክፍል ብቻ የሚበቃ ነው። ውሃ እንደድሮው አይገኝም፤ ግን ለሶላት ስታጠብ ከውዱዬ የሚተርፈውን ጠዋት ጠዋት እረጨዋለሁ። እስካሁን አልደረቀም።